ከድሪቶ ሥር ቆሜ

ድሬዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ምን ያደርጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እኔም ያን ጊዜ ጠይቄ መልስ ያጣሁበት ነገር ነው። እኛ ከተማ በሙቀቱ ወራት ሰው የሚተኛው አልጋውን ግቢ አውጥቶ፣ አንሶላውን ውሃ ነክሮ፣ ኮከብ እያየ ነው። ብርድ ልብስ የሚፈለገው ወባ የተነሳበት ሰው ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው፤ እሱም ላቡ መጣ ሲል አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ነው እንግዲህ የቀበሌያችን ሴቶች ላይና ታቹ ጨርቅ፣ መሐሉ ባዘቶ የሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ከቁርጥራጭ ሰፍተው «ኑና እዩልን» ያሉት። እኔም ሄድኩ። የሄድኩት ግን ጨርቅ ለማየት አልነበረም፤ ትዳር ፍለጋ ነው። ቀስ በሉ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ።

ጊዜው ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስብሰባ የሚወዱ፣ ከስብሰባም ይልቅ ስም ማውጣት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሴቶቹ ሥራቸውን «ድሪቶ» ነበር የሚሉት። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተደረተ ሲሰፋ ሌላ ምን ይባላል? ጓድ ሊቀመንበር ግን ቃሉን ሲሰሙ ዘገነናቸው። «ድሪቶ ጭሰኛው በባላባት ዘመን የለበሰው ነው! ከትከሻው አውልቀንለት ስናበቃ መልሰን ግድግዳ ላይ ልንሰቅልለት ነው?» አሉ። በነገሩ ላይ ውይይት ተካሄደ፤ በውይይቱ ላይም ሌላ ውይይት ተካሄደ። በመጨረሻ «ዘመናዊ የኅብረ ጨርቅ ኤግዚቢሽን» የሚል ጽሑፍ በቀይ ጨርቅ ላይ ተጽፎ ከበር ላይ ተሰቀለ። ቀዩ ጨርቅ ለጽሑፉ ስላልበቃ ከጎኑ ሌላ ቁራጭ ተቀጥሎበት ነበርና፣ ያን ሁሉ ስም የተሸከመው ራሱ ድሪቶ ነው። ሕዝቡም «ድሪቶው መቼ ነው የሚከፈተው?» መባባሉን አልተወም።

እኔን ጉድ የሠራኝ ሁለተኛው ውሳኔያቸው ነው። ከሥራዎቹ ላይ የማንም ስም እንዳይጻፍ አዘዙ። «የግል ስም የግል ንብረት ታናሽ ወንድም ነው» አሉ። «ማን ሰፋው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሰፊው ሕዝብ ነው የሰፋው!» አስበው ይናገሩት ሳያስቡ አላውቅም፤ ብቻ «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን አንድ ቀን እንኳ ትክክለኛ ቦታው ላይ ከዋለ የዋለው ያን ቀን ነው።

ስም አለመጻፉ እኔን ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። ሮማን የምትባል ልጅ ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ባለው ፋርማሲ ትሠራለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጽሕፈት መኪና ስመታ የምውል ጸሐፊ ነኝ። ጤነኛ ነበርኩ። እሷን ለማየት ስል ግን ራስ ምታት ጀመርኩ፤ ራስ ምታት ባይኖረኝም ክኒኑን ገዛሁ፤ ገዝቼ መጣል ደግሞ ነውር መሰለኝና ዋጥኩት። ሲውል ሲያድር ጨጓራዬ ተነሳ። ለጨጓራው ሌላ ክኒን ሰጠችኝ። ፍቅራችን በዚህ ዓይነት እየተጠናከረ ሄደ።

«ሽማግሌ ልላክ?» እላታለሁ፤ «ቆይ» ትለኛለች። «አሁንስ ልላክ?» ስላት «ክኒንህን ከምግብ በኋላ ውሰድ» ትለኛለች። እንዲህ እያልን ሳለን ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ተፈቀደላት። ልሂድ አላለች፣ ልቅር አላለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መድኃኒት ልገዛ ስገባ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አንተ ስታፈጥብኝ ትውላለህ እንጂ አይተኸኝ የምታውቅ አይመስለኝም» አለችኝ።

«እንዴት አላይሽም?»

«እንግዲያው ቅዳሜ ድሪቶው ላይ የሰፋሁት አለ። ስም የለበትም። አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከእኔ ሥራ ሥር ቆመህ ካገኘሁህ ዝውውሩን እተወዋለሁ፤ ሽማግሌህን ላክ። ከሌላ ሰው ሥራ ሥር ካገኘሁህ ግን የሰኞ ባቡር አያመልጠኝም።»

ይህን ብላ ክኒኔን በቁራጭ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያ ወረቀት ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ አንዱ ማዕዘን ካንዱ ሳይበልጥ የታጠፈ ነበር። ልብ ያለኝ ሰው ብሆን ያን ወረቀት ብቻ አይቼ ሁሉን ነገር በተረዳሁ ነበር። እኔ ግን ክኒኑን ውጬ ወረቀቱን ጣልኩት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ምክር ፍለጋ መጋላ ሰፈር ወደሚሠራው ወዳጄ ወደ ዩሱፍ ሄድኩ። ዩሱፍ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስለ ስፌት ከልብስ ሰፊ ሌላ ማን ይጠየቃል ብዬ ነው። ሱቁን ዘግቶ ከጓዳ በርጫ ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ከጎኑ ትራስ አስተካከለልኝ፤ የጫቱን ቅጠልም ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ጭንቀቴን ነገርኩት።

«አቦ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለኝ። «ወላሂ ቀላል ነገር ነው። ሴት ልጅ ስትወድ ምን ትሰፋለች?»

«ምን ትሰፋለች?»

«ልብ! ልብ ያለበትን ፈልግና ከሥሩ ቁም። በቃ!»

ዩሱፍ እስከ ዛሬ አላገባም። ያን ቀን ግን አነጋገሩ የጠቢብ አነጋገር መሰለኝ። ምርቃናን ለማታውቁ፣ ምርቃና ማለት ሰው ዓይኑን ገልጦ የሚያልመው ሕልም ነው። ነገር ሁሉ ይቀልላል፤ ሩቁ ይቀርባል፤ አንደበት ይፈታል። ዩሱፍ የሠርግ ልብሴን ለካኝ፤ ድንኳን ተከልን፤ ሙዚቃ መረጥን። ቅጠሉ ሳያልቅ የሮማንና የእኔ ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ አንደኛው ሐኪም ሆኖ ነበር። እኔና ዩሱፍ በልጁ ደስ ብሎን ተቀመጥን። ሰዓቴን ሳይ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሐኪም የሆነው ልጄ እናቱን ገና እንዳላገባሁ ትዝ አለኝና ተነሳሁ።

የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ስደርስ ከተማው ተኝቷል። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ ዛፎቹ ከአጥር አጥር ተጠላልፈው ጥላቸውን መንገዱ ላይ ዘርግተዋል። በጥላው ላይ ስራመድ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ሩቅ የባቡር ፉጨት ሰማሁና ልቤ ድንግጥ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ሰኞ ገና መሆኑ ትዝ ብሎኝ ተረጋጋሁ። በምርቃና ቅዳሜና ሰኞ መሐል ያለው እሑድ በጣም ረጅም ነው።

አዳራሹ የነጋዴ ቪላ የነበረና ተወርሶ ለቀበሌ የተሰጠ ቤት ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሮ ድሪቶዎቹ ተራ በተራ ተሰቅለዋል። በመሐላቸው ሲያልፉ ግድግዳው ሁሉ ጨርቅ የሆነ ጠባብ መንደር ውስጥ የገቡ ያህል ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቬንትሌተር ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥርም ድሪቶዎቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እፎይ ብለው ይረጋሉ። ሰው ብዙም አልነበረም። እኔ በበኩሌ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ያንን ቤት እያለመው መሰለኝ።

ከሕልሜ የቀሰቀሰኝ አብዮት ጥበቃው ኡመሬ ነው።

«ሂንቱቂን! አትንካ!»

«አልነካሁም፣ ኡመሬ።»

«አፍንጫህ ነክቷል።»

«አፍንጫ እጅ ነው እንዴ?»

ኡመሬ ያረጀ ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛውሮ አሰበበት። «መመሪያው እጅ አይልም። አትንኩ ነው የሚለው» አለኝ። ልክ ነበር። አፍንጫዬን ሰበሰብኩ።

ፊቴ ያለው ድሪቶ ነጭና ውሃ ሰማያዊ ነው። ትናንሽ ቁራጮች ማዕዘን ለማዕዘን ገጥመው፣ በላያቸው ነጭ ክር ሦስቱንም ንብርብር አልፎ ከዳር እስከ ዳር ተወስውሷል። አንዷ ስፌት ከሌላዋ ፀጉር ታህል አትበልጥም፣ አታንስም። ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ከታች እስከ ላይ አየሁት። እኔ እንግዲህ ጽሕፈት መኪና የምመታ ሰው ነኝ። ለእኔ እኩል ክፍተት ማለት ማሽን ማለት ነው፤ ሰው በእጁ ሲጽፍ ፊደሉ አንዱ ይወፍራል አንዱ ይከሳል። ስለዚህ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ይሄማ በማሽን የተሰፋ ነው!» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጓድ ሊቀመንበር ከየት መጡ ሳልል ከጎኔ ቆሙ።

«ምን አልክ፣ ጓድ?»

እዚህ ላይ «ምንም» ብል ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ምርቃና ግን «ምንም» ማለት አያውቅም። ስለ ሠራተኛው እጅ፣ ስለ እጁ ላብ፣ ላቡን ስለምትነጥቀው ማሽን ረጅም ንግግር አደረግሁ። ራሴን ሳዳምጠው ገረመኝ። ጓድ ሊቀመንበር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«በእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ላይ ማሽን! አሻጥር ነው ይሄ!» አሉ። «ኡመሬ፣ አውርደው! እስኪጣራ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ!»

ነጭና ሰማያዊው ድሪቶ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጣጥፎ ተቀመጠ። በሕይወቴ በእኔ ቃል የወረደ ነገር አይቼ አላውቅምና ደረቴን ነፍቼ ወደ ሥራዬ፣ ወደ ልብ ፍለጋው ሄድኩ።

ልብ ሞልቷል። ቀይ ልብ፣ አበባ ያለበት ልብ፣ ከማጭድና መዶሻ በላይ የተቀመጠ ልብ፣ ከሽርጥ የተቆረጠ ባለ መስመር ልብ። አንዱ ላይ እንዲያውም ልቦቹ በሰልፍ ይሄዱ ነበር። በዩሱፍ ሕግ ከሄድን የቀበሌያችን ሴቶች በሙሉ እኔን ይወዳሉ ማለት ነው። ለጥቂት ጊዜ አመንኩት፤ ደስም አለኝ፤ ከዚያ ለሁሉም ቤተሰብ ሽማግሌ ልኬ እንደማልዘልቀው ገባኝ።

እንዲህ ተስፋ ቆርጬ ስዞር ጥግ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለ አንድ ድሪቶ አየሁ። ልብ የለበትም። ካኪ አለ፣ አበባው የደበዘዘ ቺት አለ፣ ቡናማ አለ፣ የወንድ ሸሚዝ ክንድ የነበረ የሚመስል ነገር አለ። ሌላው ሰው አይቶ ያልፈዋል። እኔን የያዘኝ ጨርቁ አይደለም፤ ውስወሳው ነው። ክሩ ከታች ጥግ ይነሳና እንደ ደቻቱ አሸዋ መንገዱን እየቀያየረ ወደ ላይ ይሄዳል። ዓይኔን ክሩ ላይ አስቀመጥኩና ተከተልኩት። እዚህ ጋ ስፌቱ ጥቅጥቅ ብሎ ጠብቋል፤ ሰፊዋ ተናዳለች። እዚህ ጋ ደግሞ ሳሳ፣ ሰፋ ሰፋ አለ፤ እንቅልፍ ይዟታል። እዚህ ጋ መስመሩን ስቶ ሄዶ ሄዶ ተመልሷል፤ ሰው በር አንኳኩቶባት ስታወራ ነው። ክሩ ነጭ የነበረው እዚህ ጋ ቀይ ሆነ፤ አልቆባት ነው። የቀረባት ቀይ ብቻ ነው፤ ግን አላቋረጠችም። እንጃ፣ ሆዴ ባባ። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያልተናገረውን ነገር ሁሉ ፊቴ ላይ ዘርግቶ የተወው መሰለኝ። ሮማን ቆጣቢ ናት፣ ትንሽ ተናግራ ዝም ትላለች፤ ዝም ያለችውን ሁሉ እዚህ ሰፍታዋለች አልኩ። ይሄ ነው አልኩ። ከሥሩ ቆምኩ። አፍንጫዬ ጨርቁን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ኡመሬም ከሩቅ ሆኖ አፍንጫዬን ይጠብቃል።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ሰልፍ ነው እንዴ?»

ነጠላ የለበሱ፣ ዘንቢል የያዙ እናት ናቸው። ዓይኔን ከክሩ ሳላነሳ «እህ» አልኳቸው። ያቺ «እህ» ናት ነገሩን ያበላሸችው። በዚያን ጊዜ ሰው ከሰው ጀርባ የሚቆመው ምክንያቱን አውቆ አልነበረም። መጀመሪያ ይቆማል፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል። እሳቸው ከጀርባዬ ቆሙ። ከእሳቸው ጀርባ ሌላ ቆመ። ሦስት ሰው ከቆመ ደግሞ ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ከሆነ የሚታደል ነገር አለ። ከድሪቶዎቹ መሐል፣ ከበረንዳው፣ ከመንገድ ማዶ ሰው መጣ። ያ የተኛ ከተማ ተነሳ።

«ስኳር ነው አሉ!»

«አይ፣ ድሪቶው ራሱ ሊታደል ነው።»

«ዋሪያ! ይሄን በዚህ ሙቀት ምን ላደርገው ነው?» አለች አንዲት የሱማሌ ነጋዴ፤ እንዲህ እያለችም ቦታዋን አስፍታ ያዘች።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት እንደ ሩቅ ዝናብ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያሉት እናት ግን ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ምን እያየህ ነው፣ ልጄ?»

«ስፌቱን ነው፣ እናቴ። ይኸውልዎት፣ እዚህ ጋ ተናዳለች።»

ጠጋ ብለው አዩ። «አዎ» አሉ። «የዘይት ወረፋ ተሰልፋ ባዶ እጇን የተመለሰች ቀን ነው።»

«እዚህ ጋ ደግሞ እንቅልፍ ይዟታል።»

«እንቅልፍ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ነው።»

«ልክ ነው፣ ልክ ነው! መብራትም ይሆናል» አልኳቸው በደስታ። እንዴት አወቁ ብዬ መጠየቅ አልመጣልኝም። በምርቃና ሁሉም ሰው ሁሉን ያውቃል። «እዚህ ጋ ሰው መጥቶባታል፤ የማይሄድ ሰው።»

«የቀበሌ ሴት ናት፤ ስለ ስብሰባ ልትነግር መጥታ ምሳ ሳትበላ አልሄደችም።»

እንዲህ እያልን ክሩን ይዘን እላይ ደረስን። ያን ጊዜ ልቤ ሞላና፣

«እናቴ፣ ይህችን ልጅ ነው የማገባት!» አልኳቸው።

«ማንን?»

«ይህን ድሪቶ የሰፋችውን።»

እናትየው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም በፍቅሬ የተነካ ሰው አገኘሁ ብዬ አዘንኩላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሮማን ገባች። ከደጅ ጀምሮ ሰልፉን በዓይኗ እየተከተለች መጥታ እኔ ጋ ደረሰች። ከየትኛው ሥር እንደቆምኩ አየች። ቀጥሎ ወደ መግቢያው ዞረች፤ እዚያ ባዶ ገመድ ነበር።

«የእኔ የት ሄደ?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

ኡመሬ በጠመንጃው አፈ ሙዝ ጠረጴዛውን ጠቆማት። ጓድ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በማሽን የተሰፋ ስለመሆኑ ጥቆማ ደርሶናል።»

«ማን ነው የጠቆመው?»

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ያን ስናገር ያልነበሩት ሁሉ ሳይቀሩ ጠቆሙ።

ምርቃና ሲወርድ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው ይባላል። የእኔ ግን በአንዴ ወረደ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ሐኪሙ ልጄ ስቴቶስኮፑን አንጠልጥሎ ጠፋ። የቀረሁት እኔ፣ አፌ የደረቀ፣ ከሰው ድሪቶ ሥር የቆምኩ ጸሐፊ ነኝ። ሮማን ከእኔ አልፋ ከጀርባዬ ያለውን ሰው አየች።

«እማዬ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ተሰልፌ ነው» አሉ እናትየው። «ይኼ ልጅ ግን ሊያገባኝ ነው መሰለኝ፤ የኔን ድሪቶ አይቶ የሰፋችውን አገባታለሁ ብሏል።»

ሰልፉ በሳቅ ተበጠሰ። ያልሰሙት ከሰሙት እየጠየቁ ሳቁ እየተቀባበለ በረንዳው ላይ፣ ከዚያም መንገዱ ላይ ደረሰ። ሮማን ብቻ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ከእናቷ ሥራ ሥር ቆሜ የእሷን አስወርጃለሁ። ቃሏን የምታጥፍ ልጅ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ዓይኔ ላይ የሚሄደው የሰኞ ባቡር ነው።

«በእጄ ነው የሰፋሁት» አለች ለጓድ ሊቀመንበር።

«እንግዲያው ሰፍተሽ አሳዪ» አሏት።

ወንበር ሳብ አድርጋ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች፤ ክር አስገባች፤ የነጭና ሰማያዊውን ጠርዝ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስፋት ጀመረች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። መርፌው ይጠልቃል፣ ይወጣል፤ ይጠልቃል፣ ይወጣል። ከኋላው የምትቀረው ስፌት ከፊተኛዋ ጋር እኩል ናት። የምትቀጥለውም እኩል። ሰው ሁሉ ስኳሩን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ልጅ ከፊቴ እያለች ይህን ሁሉ ጊዜ ክኒን ስገዛ መኖሬ አሳፈረኝ። ወደድኳት ስል እወዳት የነበረው ምኗን እንደነበር እንጃ፤ ያን ጊዜ ግን በእርግጥ ወደድኳት።

ጓድ ሊቀመንበር አልተዋጠላቸውም። «ሰው ማሽን እስኪመስል ድረስ ከሰፋ...» ብለው ጀመሩና መጨረሻው ጠፋባቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ፣ የጠቆምከው አንተ ነህ። ቀርበህ አረጋግጥ።»

ቀረብኩ። ጎንበስ አልኩ። ኡመሬም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አፍንጫዬ ምንም አላለም። አሁን የሰፋችውን መስመር ከጫፉ ያዝኩና በዓይኔ ተከተልኩት። እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ከዚያ አንዷ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ለማየት ታዳግታለች፤ ግን ወደ ግራ ዘመም ብላለች፣ ክሯም ከመጠን በላይ ተስቦ ጨርቁን በትንሹ ሸምቅቃዋለች።

«ይቺኛዋ ጠማማ ናት» አልኩ።

ሮማን እጇን አቆመች። «የቷ?»

«ይቺ። ስትሰፊያት ተናደሻል።»

ጎንበስ ብላ አየቻት። ፀጉሯ ግንባሬን ሊነካ ደርሷል።

«አዎ» አለች በመጨረሻ። «ቀና ብዬ አንተን ያየሁ ጊዜ ነው።»

ቀና ብዬ ለጓድ ሊቀመንበር፣ «ማሽን ደግሞ አይናደድም» አልኳቸው። ይህ እንደ ቅድሙ ያለ ንግግር አልነበረም።

ጓድ ሊቀመንበር መነጽራቸውን አድርገው ስፌቷን አዩ፣ አውልቀው አዩ። «ማሽን አይናደድም» አሉ ለራሳቸው። ደገሙት። መፈክር ሊያደርጉት ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ይሰቀል! ልጅት፣ እሷን አንዷን ብቻ ፈትተሽ አስተካክያት» አሉ።

ሮማን መቀሱን አነሳች። የመቀሱን ጫፍ ከክሩ ሥር አስገባች። እንደዚያ አድርጋ ስፌቷን አየቻት፤ እኔንም አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመብኝ የለም። ያቺ ክር ከተቆረጠች እኔም አብሬ የተቆረጥኩ መሰለኝ።

መቀሱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ትቆይ» አለች። «እሷን ያያት ሰው አለ።»

እናቷ ዘንቢላቸውን መሬት አኖሩ። «አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወባ በጣለው ቁጥር ከሰፋሁት ሥር እየተኛ ኖረ» አሉ። «አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። ተናድጄ እንደሰፋሁት ሳያውቅ ሞተ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እሑድ ሰው ላክ።»

ሮማንን አየኋት። እንቢ አላለችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አንገቷን ደፋች፤ ጉንጯ ላይ የመጣውን ፈገግታ ግን ከእኔ ሌላ ሰልፉም አየው። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እልልታው ከድሪቶ ድሪቶ እያለፈ ወደ ደጅ ወጣ። በረንዳው ላይ ካሉት ኋለኞች መሐል አንድ ሰው ሲጮህ ተሰማ።

«ምንድን ነው የተሰጠው?»

«ልጅ ነው የተሰጠው!» አለው ከፊቱ ያለ።

«ለአንድ ሰው ስንት ስንት ነው?»

የሮማን እናት ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ።

«አንድ ብቻ ነበር!» አሉ። «አልቋል!»